የብሩክሊን ድልድይ የምህንድስና ታሪክ

የብሩክሊን ድልድይ በአሜሪካ ኒውዮርክ ከተማ የሚገኝ፣ ማንሃታንንና ብሩክሊንን በኢስት ሪቨር ላይ የሚያገናኝ ተንጠልጣይ ድልድይ ነው። ግንባታው በ1870 ተጀምሮ ከ13 ዓመታት በኋላ፣ ሜይ 24 ቀን 1883 ለሕዝብ አገልግሎት ክፍት ሆኗል። በተመረቀበት ጊዜ በዓለም ረጅሙ ተንጠልጣይ ድልድይ ሲሆን፣ ዋና ኬብሎቹ ከአረብ ብረት ሽቦ የተሠሩለት የመጀመሪያው ተንጠልጣይ ድልድይም ነው።

ድልድዩ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ዋነኛ መጓጓዣ በነበረበት ዘመን ተሠርቶ ዛሬም አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል። ግንባታው ግን ያለ ችግር የተከናወነ አልነበረም። ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ ሥራው ሳይጀመር ሕይወቱ አልፏል፤ ተተኪው ልጁ በሥራው ላይ ባገኘው ሕመም የአልጋ ቁራኛ ሆኗል፤ ከ20 ያላነሱ ሠራተኞች ሞተዋል፤ ለኬብሎቹ ከቀረበው ሽቦ ውስጥም ከፊሉ በማጭበርበር የገባ ጥራት የጎደለው ሽቦ እንደነበር ተደርሶበታል። ይህ ሁሉ ሆኖ ድልድዩ ጸንቶ የቆመው ገና ከንድፉ ላልታሰበ ችግር የሚበቃ ትርፍ አቅም ተይዞለት ስለነበር ነው። ይህ ጽሑፍ ድልድዩ እንዴት እንደታሰበ፣ እንደተገነባና እንደተጠበቀ በቅደም ተከተል ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የድልድዩ አጠቃላይ መረጃ

• በሁለቱ ማማዎች መካከል ያለው ርዝመት፦ 486 ሜትር
• የማማዎቹ ከፍታ ከውኃ ወለል በላይ፦ 84 ሜትር ገደማ
• የድልድዩ ስፋት፦ 26 ሜትር ገደማ
• የዋና ኬብሎች ብዛት፦ 4
• የእያንዳንዱ ዋና ኬብል ውፍረት፦ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ
• በእያንዳንዱ ኬብል ውስጥ ያሉ ሽቦዎች፦ 5,434
• ግንባታው የወሰደው ጊዜ፦ ከ1870 እስከ 1883
• የግንባታው ወጪ፦ ለመሬት የተከፈለውን ጨምሮ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ

ተንጠልጣይ ድልድይ እንዴት ይሠራል?

በተንጠልጣይ ድልድይ ላይ መንገዱን የሚሸከሙት ከሥር የሚደግፉት ምሰሶዎች ሳይሆኑ ከላይ የተዘረጉት ኬብሎች ናቸው። የተሽከርካሪውና የእግረኛው ክብደት በመጀመሪያ በመንገዱ ወለል ላይ ያርፋል። ከወለሉ ወደ ላይ የተዘረጉት ቀጫጭን ቋሚ ገመዶች ክብደቱን ተቀብለው ለዋና ኬብሎች ያስተላልፋሉ። ዋና ኬብሎቹ በማማዎቹ አናት ላይ አልፈው በሁለቱም የወንዙ ዳርቻዎች ወደሚገኙት የመልሕቅ ግንቦች ይወርዳሉ። በዚህም ምክንያት ማማዎቹ ወደ ታች የሚጫን ክብደት ሲሸከሙ፣ ኬብሎቹ የመወጠር ኃይልን፣ የመልሕቅ ግንቦቹ ደግሞ የኬብሎቹን ስበት ይቋቋማሉ። በሀገራችን የገጠር አካባቢዎች ወንዝ ለማሻገር የሚሠሩት ተንጠልጣይ የእግረኞች ድልድዮችም በመጠን እንጂ በመሠረታዊ መርህ ከዚህ አይለዩም።

የዚህ ዓይነቱ ድልድይ ትልቁ ጥቅም በወንዙ መሐል ምሰሶ ማቆም ሳያስፈልግ ረጅም ርቀት ማሻገር መቻሉ ነው። ኢስት ሪቨር ብዙ መርከቦች የሚመላለሱበት የውኃ መስመር በመሆኑ መንገዱ የመርከብ ምሰሶዎችን ሳይነካ ማለፍ ነበረበት። ስለዚህ የድልድዩ መካከለኛ ክፍል ከውኃው በላይ 41 ሜትር ያህል ከፍታ እንዲኖረው ተወሰነ።

ተንጠልጣይ ድልድይ የራሱ ድክመትም አለው። ቀላልና ተጣጣፊ በመሆኑ ነፋስና የሚንቀሳቀስ ጭነት ሊያወዛውዙት ይችላሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በርካታ ተንጠልጣይ ድልድዮች በነፋስ ፈርሰዋል። ከእነዚህ መካከል መሐንዲስ ቻርለስ ኤሌት በኦሃዮ ወንዝ ላይ የሠራውና በ1854 በነፋስ የወደመው የዊሊንግ ድልድይ ይገኝበታል። የብሩክሊን ድልድይ ሲታሰብ ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለ ረጅም ድልድይ ጸንቶ ስለመቆሙ መጠራጠራቸው የሚያስገርም አልነበረም።

ድልድዩ ለምን አስፈለገ?

በ1860ዎቹ ኒውዮርክና ብሩክሊን ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ከተሞች ነበሩ፤ የተዋሐዱት በ1898 ነው። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ሕዝብ የሚጓዘው በማሻገሪያ ጀልባ ብቻ ነበር። በ1866 እና 1867 መካከል በነበረው ክረምት ወንዙ በበረዶ በመዘጋቱ የጀልባ አገልግሎቱ ተስተጓጎለ፤ የድልድዩ ጥያቄም ከዚያ በኋላ ይበልጥ በረታ። በ1867 የኒውዮርክ ግዛት ምክር ቤት ድልድዩን የሚሠራ ኩባንያ እንዲቋቋም በሕግ ፈቀደ።

ዋና መሐንዲስ ሆኖ የተመረጠው ጆን ኦገስተስ ሮብሊንግ ነበር። ሮብሊንግ በ1806 በፕሩሺያ ሙልሃውዘን ከተማ ተወልዶ በ1831 ወደ አሜሪካ የሄደ መሐንዲስ ሲሆን፣ በአሜሪካ የሽቦ ገመድ ማምረት ከጀመሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው። ከዚህ ድልድይ በፊት በናያግራ ወንዝ ላይ ባቡር የሚያልፍበት ተንጠልጣይ ድልድይ በ1855 አጠናቅቋል፤ በሲንሲናቲ ከተማ በኦሃዮ ወንዝ ላይም በማማዎቹ መካከል 322 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ድልድይ ሠርቷል።

የንድፉ መሠረተ ሐሳብ

ሮብሊንግ ቀደም ሲል የፈረሱትን ድልድዮች መርምሮ አንድ ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር፦ ተንጠልጣይ ድልድይ ክብደት መሸከሙ ብቻ አይበቃም፤ እንዳይወዛወዝ የሚያደርግ ጥንካሬም ያስፈልገዋል። በመሆኑም የብሩክሊንን ድልድይ በሦስት መንገዶች አጠናከረው።

አንደኛው፣ ከመንገዱ ወለል ጋር አብረው የሚሄዱ ጥልቀት ያላቸው የብረት ፍሬሞች ናቸው፤ እነዚህ ወለሉ እንዳይታጠፍ ያደርጋሉ። ሁለተኛው፣ ከማማዎቹ አናት ተነሥተው በሰያፍ ወደ ወለሉ የሚወርዱ ገመዶች ናቸው። ዛሬ ድልድዩን ከሩቅ የሚያይ ሰው እንደ ሸረሪት ድር ተጠላልፈው የሚታዩት፣ ቋሚዎቹ ገመዶችና እነዚህ ሰያፍ ገመዶች ሲሻገሩ ነው። ሮብሊንግ ዋና ኬብሎቹ በሆነ ምክንያት ቢጠፉ እንኳ ሰያፍ ገመዶቹ መሐሉ ቢረግብም ድልድዩ ጨርሶ እንዳይወድቅ ሊያደርጉ እንደሚችሉ ያምን ነበር።

ሦስተኛውና ለታሪኩ ወሳኝ የሆነው የደኅንነት ኅዳግ ነው። የደኅንነት ኅዳግ ማለት አንድ የግንባታ ክፍል ሊደርስበት ከሚጠበቀው ጭነት በላይ ስንት እጥፍ ሊሸከም እንደሚችል የሚያሳይ ቁጥር ነው። ኬብሎቹ በአገልግሎት ላይ ከሚደርስባቸው ጭነት ስድስት እጥፍ እንዲሸከሙ ሆነው ተነደፉ። በዚያን ጊዜ ይህ ቁጥር የተጋነነ ሊመስል ይችል ነበር። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነበር፤ የነፋስን ጠባይ፣ የዕቃ ጉድለትንና የሰውን ስሕተት አስቀድሞ አስልቶ መጨረስ አይቻልም። መሐንዲሱ ያላወቀውን ነገር የሚሸፍነው በትርፍ አቅም ነው።

የዋናው መሐንዲስ ሞት

ጁን 28 ቀን 1869 ሮብሊንግ የብሩክሊኑ ማማ የሚቆምበትን ቦታ በመለካት ላይ ሳለ ወደ ማረፊያው የተጠጋ ጀልባ እግሩን ጨፈለቀው። የእግሩ ጣቶች ቢቆረጡም በመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ተይዞ ጁላይ 22 ቀን ሞተ። የቦታ ልኬት ብቻ ተጀምሮ የነበረው ትልቅ ሥራ መሪውን አጣ።

በቦታው የ32 ዓመት ወጣት የነበረው ልጁ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ተተካ። ዋሽንግተን የምህንድስና ትምህርቱን ያጠናቀቀ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያገለገለና በሲንሲናቲው ድልድይ ከአባቱ ጋር የሠራ ሰው ነበር። በ1867 ከባለቤቱ ከኤሚሊ ዋረን ሮብሊንግ ጋር ወደ አውሮፓ ተጉዞ ከውኃ ሥር መሠረት የሚጣልበትን ዘዴ አጥንቷል። ይህ ጥናት በቀጣዮቹ ዓመታት እጅግ አስፈልጎታል።

ከወንዙ ሥር የተጣለው መሠረት

የማማዎቹ መሠረት ከወንዙ ወለል በታች መጣል ስለነበረበት ኬሶን የተባለው ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ። ኬሶን እንደተደፋ ሣጥን ያለ፣ ከላይ የተሸፈነና ከታች ክፍት የሆነ ትልቅ የእንጨት ክፍል ነው። በወንዙ ወለል ላይ ካረፈ በኋላ በውስጡ የታመቀ አየር ይሞላል፤ አየሩ ውኃው እንዳይገባ ገፍቶ ይይዛል። ሠራተኞች በሁለት በሮች መካከል ባለ ጠባብ ክፍል አልፈው ወደ ውስጥ ይወርዱና ከእግራቸው ሥር ያለውን አፈርና ድንጋይ ይቆፍራሉ። ከላይ ደግሞ የማማው ድንጋይ ይገነባል። ቁፋሮው ወደ ታች፣ ግንባታው ወደ ላይ ሲቀጥል ኬሶኑ በራሱ ክብደት ቀስ በቀስ ይሰጥማል። የሚፈለገው ጥልቀት ላይ ሲደርስ ውስጡ በኮንክሪት ተሞልቶ ለዘለቄታው የማማው መሠረት ይሆናል።

በብሩክሊን በኩል ያለው ኬሶን 51 ሜትር ርዝመትና 31 ሜትር ስፋት ነበረው። በ1870 በወንዙ ላይ ተንሳፎ ወደ ቦታው ደረሰ። በሥሩ ያለው መሬት ትልልቅ ድንጋዮች የበዙበት በመሆኑ መጀመሪያ ላይ ቁፋሮው በሳምንት ከ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ አልበለጠም። በኋላም ድንጋዮቹን በፈንጂ መሰባበር አስፈለገ። በዲሴምበር 1870 ከአንድ ሻማ የተነሣ እሳት በጣሪያው እንጨት ውስጥ ገባ። በታመቀ አየር ውስጥ እሳት ይበልጥ ስለሚፋፋም በቀላሉ ሊጠፋ አልቻለም፤ በመጨረሻም ኬሶኑን በውኃ ማጥለቅለቅ ግድ ሆነ። የተቃጠለው የእንጨት ክፍል ተጠርጎ በሲሚንቶ ከተሞላ በኋላ ኬሶኑ 13.6 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ እንዲያርፍ ተደረገ።

በማንሃታን በኩል ያለው ኬሶን በጥልቀት ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ውኃውን ለመግፋት የሚያስፈልገው የአየር ግፊትም ይጨምራል። በመጨረሻ ሠራተኞቹ ከመደበኛው የከባቢ አየር ግፊት ከሦስት እጥፍ በላይ በሆነ ግፊት ውስጥ ይሠሩ ነበር።

የኬሶን በሽታ

ሰው በታመቀ አየር ውስጥ ሲቆይ ናይትሮጅን የተባለው ጋዝ በደሙና በሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። ወደ መደበኛው አየር በዝግታ ከተመለሰ ጋዙ ያለ ጉዳት በመተንፈስ ይወጣል፤ በፍጥነት ከወጣ ግን በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይፈጥራል። አረፋው ኃይለኛ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሽባነትና ሞት ያስከትላል። ዛሬ የባሕር ጠላቂዎች የሚጠነቀቁት ይህንኑ ሕመም ነው። በዚያን ጊዜ መንሥኤው በሚገባ አይታወቅም ነበር፤ ሠራተኞችም ከጥልቁ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይወጡ ነበር።

የግንባታው ሐኪም አንድሩ ስሚዝ 110 ሕሙማንን መዝግቦ አክሟል፤ ሕመሙንም የኬሶን በሽታ ብሎ ሰይሞታል። በዚህ ሕመም ሦስት ሠራተኞች መሞታቸው ተመዝግቧል።

በሜይ 1872 ኬሶኑ 24 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ሲደርስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ከባድ ውሳኔ ፊት ቆመ። እስከ ጽኑው ዓለት ድረስ መቆፈር ለመሠረቱ አስተማማኝ ቢሆንም የብዙ ሰዎችን ሕይወት ሊጠይቅ ይችል ነበር። መሐንዲሱ ከሥሩ ያለውን የአሸዋና የጠጠር ንብርብር መርምሮ ለረጅም ዘመን ሳይንቀሳቀስ የቆየና እጅግ የታመቀ መሆኑን በማረጋገጡ ቁፋሮው በዚያው እንዲቆም አዘዘ። የማንሃታኑ ማማ ዛሬም የቆመው በዓለት ላይ ሳይሆን በዚህ የታመቀ አሸዋ ላይ ነው።

ዋሽንግተን ራሱ ወደ ኬሶኑ ደጋግሞ ይወርድ ስለነበር በዚያው ዓመት በበሽታው ተመታ። ከዚያ በኋላ ሙሉ ጤንነቱን አላገኘም፤ ወደ ግንባታው ቦታ መመላለስም አልቻለም።

የኤሚሊ ሮብሊንግ ድርሻ

ዋሽንግተን ሥራውን ከብሩክሊን መኖሪያ ቤቱ ሆኖ በመነጽር እየተከታተለ መምራቱን ቀጠለ። በእርሱና በግንባታው ቦታ መካከል የነበረውን ግንኙነት የያዘችው ባለቤቱ ኤሚሊ ናት። ደብዳቤዎቹንና የሥራ ትእዛዞቹን ትጽፍለት፣ ለረዳት መሐንዲሶቹ ታደርስ፣ ጥያቄዎቻቸውን ተቀብላ ትመለስ ነበር። ይህን ለማከናወን ስለ ቁሳቁስ ጥንካሬ፣ ስለ ኬብል አሠራርና ስለ ስሌቱ ራሷን አስተማረች። ከኃላፊዎችና ከአቅራቢዎች ጋር በሚደረጉ ንግግሮችም ባለቤቷን ወክላ ትቀርብ ነበር።

በ1882 ከአስተዳደር ቦርዱ አባላት መካከል ዋና መሐንዲሱ በሕመሙ ምክንያት እንዲነሣ የጠየቁ ነበሩ። ጉዳዩ በድምፅ ተወስኖ 10 ለ 7 በሆነ ውጤት ዋሽንግተን በኃላፊነቱ እንዲቀጥል ተደረገ። ድልድዩ ከመከፈቱ በፊት በሠረገላ እንድትሻገር የተመረጠችው ኤሚሊ ስትሆን፣ ዛሬ በድልድዩ ላይ በሚገኘው መታሰቢያ ስሟ ከባለቤቷና ከአማቷ ስም ጋር ተጽፎ ይገኛል።

ማማዎቹና የኬብል ሥራው

በግራናይትና በኖራ ድንጋይ የተገነቡት ማማዎች፣ የብሩክሊኑ በ1875፣ የማንሃታኑ ደግሞ በ1876 ተጠናቀቁ። በየዳርቻው የሚገኙት የመልሕቅ ግንቦች እያንዳንዳቸው 60 ሺህ ቶን ያህል ክብደት አላቸው፤ በውስጣቸው የተቀበሩት ከባድ የብረት ሳሕኖች የኬብሎቹን ጫፍ ይይዛሉ።

በኦገስት 1876 የመጀመሪያው ገመድ ወንዙን ተሻገረ። በዚያው ወር የግንባታው ዋና መካኒክ ኢ. ኤፍ. ፋሪንግተን በገመድ ላይ በታሰረች መቀመጫ ተንጠልጥሎ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ተሻገረ። በወንዙ ዳርና ዳር የቆመ ብዙ ሕዝብ ተመለከተው። ዓላማው ግን ትርኢት አልነበረም፤ በዚያ ከፍታ ላይ ሊሠሩ ለተዘጋጁት ሠራተኞች ገመዱ አስተማማኝ መሆኑን ማሳየት ነበር።

ኬብሎቹ በፋብሪካ ተሠርተው የመጡ አይደሉም። እያንዳንዱ ሽቦ ከአንዱ መልሕቅ ግንብ ተነሥቶ፣ በሁለቱ ማማዎች አናት ላይ አልፎ፣ ወደ ሌላኛው መልሕቅ ግንብ በተሽከርካሪ መንኩራኩር እየተጎተተ በየተራ ተዘረጋ። ሽቦዎቹ በ19 ጥቅሎች ተከፍለው ከታሰሩ በኋላ ጥቅሎቹ በአንድነት ተጠቅጥቀው ክብ ኬብል ሆኑ። በላያቸውም ሌላ ሽቦ ተጠመጠመባቸው። ሽቦው ከወንዙ የሚነሣው ጨዋማ እርጥበት እንዳያዝገው በዚንክ የተለበጠ ነበር። ሥራው በ1877 ተጀምሮ በኦክቶበር 1878 ተጠናቀቀ። በሥራው ላይ ሳለ፣ በጁን 1878፣ አንድ የሽቦ ጥቅል ከመልሕቁ በኩል ተፈናጥሮ ሁለት ሠራተኞችን ገድሏል።

የሽቦ አቅርቦቱ ማጭበርበር

የኬብል ሽቦው በጨረታ እንዲገዛ ሲወሰን የአስተዳደር ቦርዱ፣ በአባሉ በአብራም ሂዊት አቅራቢነት፣ በድልድዩ ሥራ ውስጥ ያለ ማንኛውም ኃላፊ ጥቅም ያለው ድርጅት እንዳይሳተፍ ወሰነ። የጥቅም ግጭትን ለመከላከል የወጣው ይህ ደንብ የሮብሊንግ ቤተሰብ ፋብሪካን ከጨረታው የሚያስወጣ በመሆኑ ዋሽንግተን በፋብሪካው የነበረውን ድርሻ ሸጠ። ጨረታውን ግን ያሸነፈው ጄ. ሎይድ ሄይግ የተባለ የብሩክሊን አምራች ነበር።

የጥራት ቁጥጥሩ የሚካሄደው በአምራቹ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ተቆጣጣሪዎች ሽቦውን ፈትነው ያለፈውን በምስክር ወረቀት ይለያሉ፤ ያለፈው ሽቦም በጋሪ ተጭኖ ወደ ድልድዩ ይሄዳል። በጁላይ 1878 ግን በፋብሪካውና በድልድዩ መካከል ባለው መንገድ ላይ ማጭበርበር ይፈጸም እንደነበር ተደረሰበት። ፈተናውን ያለፈው ሽቦ በመንገድ ላይ ይራገፍና በቦታው የወደቀው ሽቦ ይጫናል፤ የምስክር ወረቀቱም ከወደቀው ሽቦ ጋር ወደ ድልድዩ ይደርሳል። ጥሩው ሽቦ ደግሞ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ እንደ አዲስ ለፈተና ይቀርባል። በዚህ ዘዴ ጥቂት ጥሩ ሽቦ ደጋግሞ ይታይ ነበር፤ ቁጥጥሩ በወረቀት ላይ የተሟላ ቢመስልም ፍሬ ቢስ ሆኖ ነበር።

የተዘረጋውን ሽቦ ከኬብሎቹ ውስጥ አውጥቶ መተካት የማይቻልበት ደረጃ ላይ ተደርሶ ነበር። ከ200 ቶን በላይ ጥራት የጎደለው ሽቦ በኬብሎቹ ውስጥ እንዳለ ተገመተ። ዋሽንግተን ሮብሊንግ ጉዳቱን ሲያሰላ የኬብሎቹ አቅም ከስድስት እጥፍ ወደ አምስት እጥፍ ገደማ መውረዱን አገኘ። አምስት እጥፍም ቢሆን ለአገልግሎት የሚበቃ ኅዳግ ነው። ይሁንና መሐንዲሱ በዚህ አልተወሰነም፤ በእያንዳንዱ ኬብል ላይ 150 ያህል ሽቦዎች በአቅራቢው ወጪ እንዲጨመሩ አደረገ። በማጭበርበር የገባው ሽቦ ዛሬም በኬብሎቹ ውስጥ ይገኛል። ሄይግ በኋላ በሌላ የማጭበርበር ወንጀል ታስሯል።

ከዚህ ክስተት ሁለት ነጥቦች ይወሰዳሉ። የመጀመሪያው፣ የጥራት ቁጥጥር ዕቃው በተመረተበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ሥራ ላይ እስከሚውልበት ደቂቃ ድረስ ሰንሰለቱ ሳይበጠስ መቀጠል ያለበት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የደኅንነት ኅዳግ ወጪ ለመቀነስ ሲባል በቀላሉ የሚሸረፍ ትርፍ አለመሆኑ ነው። ኬብሎቹ መጀመሪያ በሁለት ወይም በሦስት እጥፍ አቅም ብቻ ተነድፈው ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

ምረቃውና የሕዝብ አመኔታ

ድልድዩ ሜይ 24 ቀን 1883 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር በተገኙበት ተመረቀ። በመጀመሪያው ቀን 150 ሺህ ያህል ሰዎች ተሻገሩ። የእግረኛ ክፍያ በመጀመሪያው ቀን 1 ሳንቲም ነበር።

ምረቃው በተፈጸመ በስድስተኛው ቀን፣ ሜይ 30፣ በበዓል ምክንያት እጅግ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሰዓት በአንድ ጠባብ ደረጃ ላይ ሰው ወደቀ። ጩኸት ተነሣ፤ ድልድዩ ሊፈርስ ነው የሚል ወሬም ተናፈሰ። በተፈጠረው መረጋገጥ 12 ሰዎች ሞቱ። ድልድዩ በዚያች ሰዓት ምንም ጉዳት አልነበረበትም። በሜይ 1884 የሰርከስ ባለቤቱ ፒ. ቲ. ባርነም 21 ዝሆኖችን በድልድዩ ላይ አሻገረ። ለእርሱ ማስታወቂያ ቢሆንም፣ ድልድዩ ጠንካራ መሆኑን ለሕዝቡ በዓይን ያሳየ ክስተት ሆኖ ይታወሳል።

የተዘነጋው ትምህርት

ከሮብሊንግ በኋላ የመጡ መሐንዲሶች ድልድዮችን በስሌት ይበልጥ እያቀጠኑ፣ እያረዘሙና እያቀለሉ ሄዱ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የተሠራው የታኮማ ናሮውስ ድልድይ በማማዎቹ መካከል 853 ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ ወለሉን የሚያጠነክረው የብረት ግድግዳ ጥልቀት 2.4 ሜትር ብቻ ነበር። በጁላይ 1940 ተመርቆ ኖቬምበር 7 ቀን 1940፣ ማለትም ከአራት ወር ጥቂት ቀናት በኋላ፣ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ያህል በሚነፍስ ነፋስ እየተጠማዘዘ ፈረሰ። ነፋሱ ኃይለኛ አልነበረም፤ ችግሩ የወለሉ ቀጭንነትና ቅርጽ ነበር። ከዚያ በኋላ ረጃጅም ተንጠልጣይ ድልድዮች ከመገንባታቸው በፊት አምሳያቸው በነፋስ መፈተኑ የተለመደ አሠራር ሆነ። በሮብሊንግ ዘመን የነፋስን ጠባይ የሚያስረዳው ሳይንስ ገና አልዳበረም ነበር፤ እርሱ ግን የፈረሱትን ድልድዮች በማየት ብቻ ጥንካሬ እንደሚያስፈልግ ተረድቶ ነበር።

ጥገናና የአሁኑ አገልግሎት

ድልድዩ የዛሬውን ተሽከርካሪ ታስቦ አልተሠራም። መጀመሪያ ላይ ጋሪዎች፣ በገመድ የሚጎተቱ ባቡሮችና እግረኞች ይተላለፉበት ነበር። የባቡር አገልግሎቱ በ1944፣ የከተማ ትራም አገልግሎቱ በ1950 ተቋረጠ። ከ1948 እስከ 1954 በመሐንዲስ ዴቪድ ስታይንማን መሪነት በተካሄደው የማሻሻያ ሥራ መንገዱ ለመኪና ስድስት መስመር እንዲኖረው ተደርጓል። በ2021 አንደኛው የመኪና መስመር ለብስክሌት ተለይቷል። ከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች በድልድዩ ላይ እንዲያልፉ አይፈቀድም።

የደኅንነት ኅዳግ መኖሩ ጥገናን አያስቀርም። በጁን 1981 በዝገት ከተዳከሙት ሰያፍ ገመዶች ሁለቱ ተበጥሰው አንድ እግረኛ ለሞት ዳርገዋል። ድልድዩ በዚህ ምክንያት የመውደቅ አደጋ ባይገጥመውም፣ ክትትል የጎደለው ክፍል በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ታይቷል። ከዚያ በኋላ ገመዶቹን የመተካትና የማደስ ሰፊ ሥራ ተከናውኗል።

ማንኛውም ዜጋ በሚጠቀምበት ድልድይ ላይ የተበጠሰ ወይም የረገበ ገመድ፣ የዛገ ማሰሪያ፣ የተነቃነቀ የወለል እንጨት ወይም በጎርፍ የተሸረሸረ መሠረት ሲመለከት በአቅራቢያው ለሚገኘው የመንገድ ሥራ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በወቅቱ ቢያሳውቅ አደጋን ለመከላከል ይረዳል። በድልድዩ መግቢያ ላይ የተለጠፈውን የክብደት ገደብ ማክበርም እንዲሁ። ገደቡ የሚወጣው ለድልድዩ የተያዘለት ትርፍ አቅም ላልታሰበ ችግር እንዲቆይ እንጂ በየዕለቱ ጭነት እንዲያልቅ አይደለም።

በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

የብሩክሊን ድልድይ በዓለም የመጀመሪያው ተንጠልጣይ ድልድይ ነው?
አይደለም። ከእርሱ በፊት በተለያዩ ሀገሮች ብዙ ተንጠልጣይ ድልድዮች ተሠርተዋል። ልዩ የሚያደርገው ለዋና ኬብሎቹ የአረብ ብረት ሽቦ በመጠቀም የመጀመሪያው መሆኑና በርዝመቱ በዘመኑ የነበሩትን መብለጡ ነው።

በርዝመት ቀዳሚነቱን እስከ መቼ ይዞ ቆየ?
እስከ 1903 ድረስ ነው። በዚያ ዓመት በዚያው ወንዝ ላይ የተመረቀው የዊሊያምስበርግ ድልድይ በአንድ ሜትር ተኩል ያህል በልጦታል።

ሁለቱም ማማዎች በዓለት ላይ የቆሙ ናቸው?
አይደሉም። ከላይ እንደተገለጸው የማንሃታኑ ማማ የቆመው እጅግ በታመቀ አሸዋ ላይ ነው።

ዋናው መሐንዲስ ድልድዩ ሲጠናቀቅ ለማየት በቅቷል?
ንድፉን ያወጣው ጆን ሮብሊንግ አልበቃም። ልጁ ዋሽንግተን ግን ሥራውን ከቤቱ ሆኖ እስከ ፍጻሜው መርቷል፤ በሕመም ላይ ቢቆይም እስከ 1926 በሕይወት ኖሯል።